ከአልጋው አጠገብ የነበረው ፒያኖ፤ የዱክ ኤሊንግተን የመጨረሻ ዘመን

ወሩ ኅዳር፣ ዘመኑ 1966 ዓ.ም ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ታላቅ የሙዚቃ ሰው ተቀብላለች። እንግዳው ቁመናው ዘለግ ያለ፣ አለባበሱ ያማረ፣ ንግግሩ የታረመ የ74 ዓመት አዛውንት ነው። ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የመራው ኦርኬስትራም አብሮት መጥቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በክብር ተቀብለው የኮከብ ኒሻን ሸለሙት። ያን ጊዜ 30 ዓመት ያልሞላው ወጣቱ የሙዚቃ ባለሙያ ሙላቱ አስታጥቄም አገሪቱን ያስጎበኘው፣ የኢትዮጵያን የሙዚቃ መሣሪያዎች ያሳየው ነበር። ሙላቱ «ደወል» የተሰኘውን ሥራውን ለእንግዳው ኦርኬስትራ አቀናብሮ አቀረበ፤ አንጋፋው ሙዚቀኛም በሰማው ተደነቀ።

በዚያ ወቅት እንግዳውን ያየ ሁሉ ፈገግታውንና ግርማውን እንጂ ሕመሙን አላየም። ዱክ ኤሊንግተን ግን አዲስ አበባ በቆመበት ሰዓት የሳንባ ካንሰርን በደረቱ ተሸክሞ ነበር። ከስድስት ወራት በኋላም በዚሁ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለየ። በእነዚያ ወራት ያዘለቀው ምን ነበር የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ የሕይወቱን ታሪክ ከመነሻው መመልከት ግድ ይላል፤ መልሱ ያለው ከእናቱ፣ ከእህቱና ከልጁ ዘንድ ነውና።

ኤድዋርድ ኬኔዲ ኤሊንግተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 29 ቀን 1899 በአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን ተወለደ። አባቱ ጄምስ ኤድዋርድ በአንድ ሐኪም ቤተሰብ ዘንድ የቤት አሳላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም በዋይት ሐውስ ግብዣዎች ላይ ያስተናግድ ነበር። እናቱ ዴዚ ኬኔዲ ጨዋ፣ ጸሎተኛና ልጇን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ ሴት ነበረች። አባትም እናትም ፒያኖ ይጫወታሉ።

የጥቁሮች መብት በእጅጉ በተገፈፈበት በዚያ ዘመን ዴዚ ለልጇ ደጋግማ ያስተማረችው ነገር ቢኖር የተባረከ ልጅ መሆኑንና ሊሰጋ የማይገባው መሆኑን ነበር። ልጁም አመናት። በጎልማሳነቱም ሆነ በእርጅናው ወራት ከአፉ ያልጠፋ፣ ከልቡ ያልወጣ እምነት ሆኖ ቀረ። «ዱክ» የሚለው ስም፣ ትርጉሙም መስፍን ማለት ነው፣ በልጅነቱ ጓደኛው ያወጣለት ሲሆን ምክንያቱ አለባበሱና አነጋገሩ የመኳንንት መምሰሉ ነበር።

በወጣትነቱ ሥዕል ይወድ ስለነበር በኒው ዮርክ በሚገኘው በፕራት ተቋም ሥነ ጥበብ የሚማርበት ዕድል አግኝቶ ነበር። እርሱ ግን ሙዚቃን መረጠ። በ1918 ኤድና ቶምፕሰንን አገባ፤ በቀጣዩ ዓመት አንድ ልጁ ሜርሰር ተወለደ። በ1923 ወደ ኒው ዮርክ አቀና። በ1927 መጨረሻ በሐርለም በሚገኘው በታዋቂው ኮተን ክለብ የቤቱ ባንድ መሪ ሆነ። ጥቁሮች የሚጫወቱበት፣ ታዳሚዎቹ ግን ነጮች ብቻ የነበሩበት ይህ የምሽት ቤት ሙዚቃውን በሬዲዮ ሞገድ በመላ አሜሪካ አሰራጨለት።

ስሙ ከፍ ሲል ኤሊንግተን ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ወላጆቹንና በ16 ዓመት የምታንሰውን ታናሽ እህቱን ሩትን ከዋሽንግተን ወደ ኒው ዮርክ ማምጣት ነበር። ከኤድና ጋር ቢለያዩም ትዳሩ በሕግ አልፈረሰም፤ ልጁ ሜርሰርም በአብዛኛው ያደገው በአያቶቹ እቅፍ ነው። በሐርለም በሚገኘው ሰፊ መኖሪያ ቤት አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅና እህት በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰባሰቡ። ከከተማ ከተማ የሚዞረው ሙዚቀኛ ሲመለስ የሚያርፍበት ጎጆ ይህ ነበር።

የመጀመሪያው ታላቅ ሐዘን በዚህ ቤት ላይ የወደቀው በ1935 ነው። ዴዚ በካንሰር ታመመች። ልጇ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከአልጋዋ አጠገብ አልተለየም። ግንቦት 19 ቀን 1927 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያኑ ሜይ 27 ቀን 1935፣ አረፈች። ኤሊንግተን በእናቱ ሞት ዓለም የጨለመበት ሰው ሆነ። ለወራት የመሥራት ፍላጎቱ ተሟጠጠ። በኋላ በባቡር እየተጓዘ ለመታሰቢያዋ የጻፈው ሥራ በዚያን ጊዜ ከተለመደው የሦስት ደቂቃ ሙዚቃ እጅግ የረዘመ፣ አራት የሸክላ ገጾችን የያዘ ሆነ። ተቺዎች አልወደዱለትም። እርሱ ግን የጻፈው ለተቺዎች አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቱም ተከተላት።

ካንሰር ዳግመኛ የገባው በወንድም በሚቆጠር ሰው በኩል ነው። ቢሊ ስትሬይሆርን ወጣት ሳለ ወደ ኤሊንግተን መጥቶ ከ25 ዓመታት በላይ አብሮት ሙዚቃ የጻፈ፣ የኦርኬስትራው መለያ የሆነውን «ቴክ ዘ ኤ ትሬይን» የደረሰ ሊቅ ነበር። በ1964 የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ተገኘበት። ሕመሙ ሲበረታ ከሆስፒታል ሆኖ የመጨረሻ ድርሰቱን ጽፎ ለኦርኬስትራው ላከ። በ1967 አረፈ። ኤሊንግተን ሐዘኑን የተወጣው በዚያው ዓመት የስትሬይሆርንን ሥራዎች ብቻ የያዘ አልበም በመቅረጽ ነው። ሰው በአልጋ ላይ ሆኖም ሥራውን እንደማይተው ያየው ከዚህ ወዳጁ ነበር። የራሱ ተራ ሲደርስም ያንኑ መንገድ ተከተለ።

የኤሊንግተን ኑሮ ለሳንባ የሚመች አልነበረም። ከልጅነት እስከ እርጅና በጭስ በተሞሉ የምሽት ቤቶች ሠርቷል፤ ራሱም ለረጅም ዓመታት ሲጋራ አጫሽ ነበር። በዘመኑ ሲጋራ የአራዳነት ምልክት እንጂ የሞት መንገድ ተደርጎ አይታይም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኃላፊ ማጨስ የሳንባ ካንሰርን እንደሚያመጣ በይፋ ያስታወቁት በ1964 ነው። በቀጣዩ ዓመት ታዋቂው ድምጻዊና ፒያኖ ተጫዋች ናት ኪንግ ኮል በ45 ዓመቱ በዚሁ በሽታ ሞተ። ማስጠንቀቂያው ለብዙ ሙዚቀኞች የደረሰው ከረፈደ በኋላ ነበር።

የእምነቱ ሥር ግን በእነዚህ ዓመታት ይበልጥ ወደ ላይ ወጣ። መጽሐፍ ቅዱስን ደጋግሞ ያነብ፣ አንገቱ ላይ መስቀል ያደርግ ነበር። በ1965 በሳን ፍራንሲስኮ ግሬስ ካቴድራል የመጀመሪያውን የመንፈሳዊ ሙዚቃ ኮንሰርት አቀረበ። ሁለተኛውን በ1968 በኒው ዮርክ በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል አደረገ። ጃዝ በቤተ ክርስቲያን ምን ይሠራል ያሉ ጥቂት አልነበሩም። ለእርሱ ግን እነዚህ ኮንሰርቶች ከሠራቸው ሁሉ የሚበልጡ፣ እናቱ በልጅነቱ ላስተማረችው ጸሎት የተሰጡ ምላሾች ነበሩ።

በ1969 ሚያዝያ ወር፣ 70ኛ ዓመቱ በሞላበት ዕለት፣ በዋይት ሐውስ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ኒሻን ከፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ተቀበለ። አባቱ አሳላፊ ሆኖ ያገለገለበት ቤት ልጁን የክብር እንግዳ አድርጎ ተቀበለው። በዚያ ምሽት ከጎኑ የነበረችው እህቱ ሩት ናት። እርሷ የሙዚቃ ሥራዎቹን የሚያሳትመውን የቤተሰቡን ድርጅት በኃላፊነት የምትመራ፣ ከእናታቸው ሞት በኋላም የቤቱ ምሰሶ የነበረች ሴት ነች።

በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ግንኙነት ግን እንዲህ የተቃና አልነበረም። ሜርሰር ራሱ ሙዚቀኛ ነበር። በ1940ዎቹ ለአባቱ ኦርኬስትራ የታወቁ ድርሰቶችን ጽፏል። የራሱን ባንድ ለማቆም ግን ደጋግሞ ሞክሮ አልሰመረለትም። የታላቅ ሰው ልጅ መሆን ጥላም ሸክምም ነው፤ በግዙፍ ዛፍ ሥር የበቀለ ችግኝ ፀሐይ እንደሚያጣ ሁሉ እርሱም ከአባቱ ስም ሥር መውጣት ተሳነው። አባትም ልጁን ለማበረታታት እምብዛም አይቸኩልም ነበር። ሜርሰር በሬዲዮ ጣቢያ ሙዚቃ አቅራቢነት ጭምር ሠርቷል።

በ1965 ግን አባቱ ወደ ኦርኬስትራው ጠራው። ሥራው መለከት መንፋት ብቻ ሳይሆን የጉዞ ኃላፊነትም ነበር። ደመወዝ መክፈል፣ ሆቴል መያዝ፣ የዘገዩትን መቆጣጠር፣ የተጣሉትን ማስታረቅ በእርሱ ላይ ወደቀ። ክብር የሌለው፣ ድካም የበዛበት ሥራ ነበር። ሜርሰር ግን ተቀበለው። በዚህ ሥራ ምክንያት አባትና ልጅ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ አብረው መዋል ጀመሩ። በልጅነት ያልተገኘው ጊዜ በጎልማሳነት ተገኘ።

ሐኪሞች የሳንባ ካንሰር መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ይህ ቅርበት ሌላ ትርጉም ያዘ። በዚያን ጊዜ ለሳንባ ካንሰር የነበረው ሕክምና ውስን ነበር፤ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ጥቂት መድኃኒቶች ብቻ። የሰውነትን ውስጥ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ገና መታየት የጀመረበት ጊዜ ነው። ኤሊንግተን በሽታውን ለሕዝብ አላወጀም። ስለ ሞት ማውራት አይወድም ነበር። ልጁም አባቱ የመረጠውን ዝምታ አክብሮ የጉዞውን መርሐ ግብር ጠበቀለት። ለዚህ ሰው ጉዞውን ማቆም እረፍት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ መሆኑን ያውቅ ነበርና። በዚያው በ1973 ኤሊንግተን የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉንም የጀመረው በራሱ ዝና ሳይሆን በአባቱና በእናቱ ታሪክ ነው።

በጥቅምት 1973 ሦስተኛውን የመንፈሳዊ ሙዚቃ ኮንሰርት በለንደን በዌስትሚኒስተር አቢ አቀረበ። ድካሙ ጎልቶ ይታይ ነበር። ከዚያም በአውሮፓ ተዘዋውሮ ወደ አፍሪካ አመራ፤ ኢትዮጵያንና ዛምቢያን ጎበኘ። የአዲስ አበባው ኒሻን በዕድሜው ማምሻ ከተቀበላቸው ታላላቅ ክብሮች አንዱ ነው። ስለ አፍሪካ ሲያስብ የኖረ፣ የጥቁር ሕዝቦችን ታሪክ በረጅም የሙዚቃ ድርሰት በ1943 በካርኔጊ አዳራሽ ያሰማ ሰው፣ ነፃነቷን ጠብቃ በኖረች አፍሪካዊት አገር በንጉሠ ነገሥቱ መሸለሙ ትልቅ ትርጉም ነበረው።

ሐዘን ግን በዚያው ወር ተከተለው። ከ30 ዓመታት በላይ ሐኪሙና የልብ ወዳጁ የነበረው ዶክተር አርተር ሎጋን በኅዳር ወር በኒው ዮርክ በድንገት ሞተ። ስትሬይሆርንንም ያከመ፣ ኤሊንግተን በዓለም ዙሪያ በየትኛውም ከተማ ሆኖ ስልክ የሚደውልለት ሰው ነበር። መርዶው ሕመምተኛውን ክፉኛ ጎዳው። ሰውነቱን የሚያውቅለትን፣ ፍርሃቱን የሚሸሽግበትን ሰው አጣ። ከዚያ በኋላ ሸክሙ በሙሉ በቤተሰቡ ትከሻ ላይ ዐረፈ።

ኤሊንግተን እስከ ማርች 1974 ድረስ መድረክ አልተወም። አቅሙ ሲከዳው ግን በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ፕሪስቢቴሪያን ሆስፒታል ገባ። በክፍሉ ውስጥ ከአልጋው አጠገብ የኤሌክትሪክ ፒያኖ እንዲቀመጥለት ተደረገ። ማንም እንደሚገምተው ለመጽናኛ ብቻ አልነበረም። የመንፈሳዊ ሙዚቃዎቹን ያርም፣ «ኩዊኒ ፓይ» የተሰኘውን አስቂኝ ኦፔራውን ለመፈጸም ይጥር ነበር። ለወዳጆቹም ፍቅርና እግዚአብሔር የሚሉት ቃላት በመስቀል ቅርጽ የተጻፉበትን ካርድ ላከ። ሚያዝያ 29 ቀን 75ኛ ዓመቱን በሆስፒታል አከበረ።

በዚያ ሰሞን ፈተናው የሕመምተኛው ብቻ አልነበረም። ለበርካታ ዓመታት አብራው የኖረችው ኢቪ ኤሊስ እርሷም በካንሰር ታማ ነበር፤ ከእርሱ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ዘግይታ ዐርፋለች። ሩት ወንድሟን፣ ሜርሰር አባቱን ያስታምማሉ፤ ሜርሰር ደግሞ ኦርኬስትራው እንዳይበተን ከሆስፒታልና ከመድረክ መካከል ይመላለሳል። አባትየው ያለ እርሱ ኦርኬስትራው መጫወቱን ሲሰማ ቅር ከመሰኘት ይልቅ ይጽናና ነበር ቢባል አያስገርምም፤ ዕድሜውን ሁሉ የፈራው ሙዚቃው እንዳይቋረጥ ነበርና።

ግንቦት ወር ከባድ ዜና ይዞ መጣ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኦርኬስትራው ሳክስፎን ተጫዋች የነበረው ፖል ጎንሳልቬስ በለንደን በድንገት ሞተ። በ1956 በኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ 27 ጊዜ እየተመላለሰ ባሰማው ብቸኛ ጨዋታ ሕዝቡን አስነሥቶ የኤሊንግተንን ዝና ዳግም ያደሰው እርሱ ነበር። ሜርሰር ለአባቱ ሊነግረው አልደፈረም። ድንጋጤው የቀረችውን ጥቂት ዕድሜ ይቀማዋል ብሎ ፈራ። መርዶ ለታመመ ሰው አይነገርም የሚለው የአገራችን ወግ በዚያች የኒው ዮርክ ክፍልም ተፈጸመ። በቀናት ልዩነት ሌላው የቀድሞ ባልደረባ፣ ትሮምቦን ተጫዋቹ ታይሪ ግሌንም ዐረፈ። ልጁ ሐዘኑን ብቻውን ውጦ በፈገግታ ወደ አባቱ ክፍል ይገባ ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 1966 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያኑ ሜይ 24 ቀን 1974፣ ዱክ ኤሊንግተን ከሳንባ ካንሰሩ ጋር በተደረበ የሳንባ ምች ሕይወቱ አለፈ። አስከሬኑ ባረፈበት የኒው ዮርክ ቤት ጎንሳልቬስና ግሌንም ለጥቂት ጊዜ ከጎኑ ተኝተው ነበር። ልጁ የደበቀው ምሥጢር በዚህ ተገለጠ የሚያሰኝ ሁኔታ ነበር፤ መሪውና ባልደረቦቹ በአንድ ጉዞ ተገናኙ።

ሥርዓተ ቀብሩ ሁለተኛውን የመንፈሳዊ ሙዚቃ ኮንሰርት ባቀረበበት በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ተፈጸመ። ከ12 ሺህ በላይ ሕዝብ ተገኘ፤ ኤላ ፊትዝጄራልድ ዘመረች። ዕለቱ ግንቦት 19 ነበር። ከ39 ዓመታት በፊት እናቱ ዴዚ ያረፈችበት ቀን ነው። በብሮንክስ በሚገኘው ዉድሎውን መካነ መቃብር ከአባቱና ከእናቱ አጠገብ ተቀበረ። ሐርለም ላይ በአንድ ጣሪያ የሰበሰባቸው ቤተሰቦች በአንድ አፈር ተሰበሰቡ።

ሜርሰር ሐዘን አልተቀመጠም። ወዲያውኑ ኦርኬስትራውን ይዞ ቀድሞ ውል ወደ ተገባበት ወደ ቤርሙዳ በረረ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ እስከ 1996 ሞቱ ድረስ የአባቱን ኦርኬስትራ መራ። በ1981 የኤሊንግተንን ሙዚቃ ይዞ በብሮድዌይ በቀረበው ትርኢት የሙዚቃ መሪ ነበር፤ ልጁ መርሴዲስም በመድረኩ ላይ ከተወዛዋዦቹ አንዷ ነበረች። በሆስፒታል ፒያኖ ላይ ሳይፈጸም የቀረው ኦፔራ በ1986 በፊላዴልፊያ ለመድረክ በቃ። በ1988 ደግሞ አባቱ በእጁ የጻፋቸው የሙዚቃ ወረቀቶች ለአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየም ተላልፈው ለትውልድ ተቀመጡ። በ1965 የፑሊትዘር ሽልማት ቦርድ ዳኞቹ ያቀረቡለትን ልዩ እውቅና ለኤሊንግተን ነፍጎት ነበር፤ በ1999፣ በተወለደ በመቶ ዓመቱ፣ ያንኑ ክብር ለመታሰቢያው ሰጠ።

የዱክ ኤሊንግተንን ሕመም ያዳነ መድኃኒት በዘመኑ አልተገኘም። ተስፋውም የመዳን ተስፋ ብቻ አልነበረም። እናቱ በልጅነቱ የተከለችበት እምነት፣ እህቱ የጠበቀችለት ቤት፣ ዘግይቶም ቢሆን ከልጁ ጋር ያገኘው ቅርበት እስከ መጨረሻው ቀን ብዕሩን እንዳይጥል አደረጉት። አዲስ አበባ ያየችው ፈገግታም ከዚህ የመነጨ ነበር። ከአልጋው አጠገብ የነበረው ፒያኖ ዝም ሲል፣ የጀመረውን የሚቀጥል ልጅ በክፍሉ ውስጥ ነበረ።